ግባግቦ ወይስ ባግቦ? ሁለት ቦታ የሚዘጋው ድምፅ

በማርች 2025 የናይጄሪያ ሴኔት አንዲት አባሉን ለ6 ወር አገደ። የታገዱት ሴናተር ናታሻ አክፖቲ ኡዱዋጋን ይባላሉ። ከእሳቸው ጋር የተካረሩት የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ደግሞ ጎድስዊል አክፓቢዮ ናቸው። ዜናው ከናይጄሪያ አልፎ ዓለምን ዞረ። ፖለቲካውን ለፖለቲከኞቹ እንተወውና ስማቸውን እንየው። አክፖቲ፣ አክፓቢዮ። ሁለቱም ስሞች ውስጥ ላቲኑ «ኬ»ንና «ፒ»ን አስከትሎ ይጽፋል። ስሙን ጮክ ብሎ የሚያነብ የእኛ ሰው እዚያ ጋ ሲደርስ ይደናቀፋል። «አክ» ይልና ቆም ብሎ «ፓቢዮ» ይላል። ወይም «አኪፓቢዮ» ብሎ በመሐል ያልነበረ አናባቢ ይጨምራል።

የአይቮሪ ኮስት የቀድሞ ፕሬዚዳንት ስምም ያው ነው። ሎራን ግባግቦ ተብሎ ይጻፋል፤ ባግቦም ይባላል። የቱ ነው ልኩ? ክርክሩ ከተነሳ ደግሞ «እኛም እኮ አለን፤ ቋ እና ጓ ምን ሊሆኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ሌላው «ይሄ የእነሱ ከንፈር ብቻ የሚችለው ነው» ይላል። የመጀመሪያው አባባል ግማሹ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ልክ አይደለም። ሁለተኛው ከነጭራሹ ስህተት ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ከአፍ ውስጥ እንጀምር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ድምፅ፣ ሁለት መዝጊያ

ተነባቢ ማለት በአጭሩ አየር መንገድ ላይ የሚደረግ እንቅፋት ነው። ከሳንባ የሚመጣው አየር አፍ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይዘጋል ወይም ይጠብበታል። የቋንቋ ምሁራን ያንን ቦታ «መካነ ፍጥረት» ይሉታል። «በ» ስንል ከንፈራችን ይገጥማል። «ደ» ስንል የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ኋላ ይለጠፋል። «ገ» ስንል የምላስ ጀርባ ተነስቶ ትናጋን ይደፍናል። ትናጋ ከላንቃ በስተኋላ ያለው ለስላሳው ክፍል ነው። አብዛኛው ተነባቢ አንድ መካነ ፍጥረት ይበቃዋል።

ግባግቦ በሚለው ስም መጀመሪያ ላይ ያለው ድምፅ ግን ሁለት ይፈልጋል። የምላስ ጀርባ ትናጋን ይደፍናል። በዚያው ቅጽበት ከንፈርም ይገጥማል። አየሩ ኋላም ፊትም በር ተዘግቶበታል። ከዚያ ሁለቱም በሮች አንድ ላይ ይከፈታሉ። ቋንቋ አጥኚዎች ይህን «ከንፈር ትናጋዊ እግድ» ብለው ሊጠሩት ይችላሉ። እግድ የሚባለው አየሩን ሙሉ በሙሉ ስለሚያግድ ነው። ድምፁ ጉሮሮ ውስጥ ሲነዝር «ግ» እና «ብ» አብረው እንደተባሉ ይሰማል። ሳይነዝር ሲቀር «ክ» እና «ፕ» አብረው እንደተባሉ ነው። በአፍንጫ የሚወጣ ወንድምም አላቸው። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግ‑ብ እና ክ‑ፕ እያልኩ እጽፋቸዋለሁ። ሰረዟ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንደሚባሉ ታስታውሰን።

«በአንድ ጊዜ» ሲባል ግን በሚዛን የተለካ እኩልነት አይደለም። የፎነቲክስ ተመራማሪው ኢያን ማዲሰን በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጋናና በቶጎ የሚነገረውን የኤዌ ቋንቋ በዚህ መንገድ ለክቷል። የተናጋሪው ምላስና ከንፈር ላይ ጥቃቅን መከታተያዎች ተለጥፈው እንቅስቃሴያቸው ተመዘገበ። የምላሱ ጀርባ በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ቀደም ብሎ ይነሳል። ከንፈሩ ደግሞ ለጥቂት ዘግይቶ ይለቃል። በጆሮ የማይያዝ ልዩነት ነው። ግን ይህችን ነገር አንርሳት፤ በኋላ «ግባግቦ» እና «ባግቦ» የተለያዩበትን ምክንያት የምትነግረን እሷ ናት።

ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። ፒተር ላደፎግድ በ1964 በታተመው የምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች ጥናቱ ክ‑ፕ በየቋንቋው አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አሳይቷል። በአንዳንዱ አየሩ ከሳንባ ብቻ ይገፋል። በሌላው ሁለቱ በሮች እንደተዘጉ ምላስ በትንሹ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በመሐል የታሰረው አየር ይሳሳል። ከንፈር ሲከፈት አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ከጠርሙስ ቡሽ ሲነቀል የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ፈረንጅ አገር ያደገ ጆሮ ይህን ሲሰማ «ምን አለ?» ብሎ መጠየቁ አይደንቅም።

አንድ መሆኑን በምን አወቅን?

እዚህ ጋ ተጠራጣሪ አንባቢ ሊያቆመን ይችላል። «ሁለት ተነባቢ ተከታትለው መጥተው እንደሆነስ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም እኮ ግ እና ብን እናከታትላለን። «ይግባኝ» የሚለውን ቃል እንበለው። በግ እና በባ መሐል አናባቢ የለም። ይሁን እንጂ ቃሉ «ይግ» እና «ባኝ» ተብሎ ለሁለት ይሰነጠቃል። ግ የአንደኛው ቀለም መዝጊያ ነው፣ ብ የሁለተኛው መክፈቻ ነው። ሁለት ተነባቢ የሚፈጀውን ጊዜም ይፈጃል።

በናይጄሪያ በሚነገረው የዮሩባ ቋንቋ ውስጥ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዮሩባ ሁለት ተነባቢ ጎን ለጎን አያስቀምጥም። ግ‑ብ ግን የቃል መጀመሪያ ላይ በየቦታው አለ። ሁለት ድምፅ ቢሆን ኖሮ በመላ ቋንቋው ውስጥ ሕግ የሚጥስ ብቸኛው ጥንድ እሱ ይሆን ነበር።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳምነው ሌላ ማስረጃ ነው። ዮሩባ ግስን ወደ ስም ሲለውጥ የመጀመሪያውን ተነባቢ ደግሞ «ኢ» ያስከትልበታል። «ሎ» ሄደ ማለት ነው፤ «ሊሎ» መሄድ። የመጀመሪያው ተነባቢ ተደገመ። አሁን ማንሳት ወይም መሸከም የሚለውን ግስ እንውሰድ፦ «ግ‑ቤ»። ድምፁ ሁለት ቢሆን የሚደገመው የመጀመሪያው ግ ብቻ ስለሚሆን «ጊግ‑ቤ» መባል ነበረበት። ተናጋሪው የሚለው ግን «ግ‑ቢግ‑ቤ» ነው። ድምፁ እንዳለ፣ ሳይከፈል ይደገማል። ተናጋሪው ልብ ሳይለው አንድ መሆኑን እየመሰከረ ነው።

ትርጉምም ይለያል። «ግ‑ቦ» በተገቢው ዜማ ሲባል ሰማ ማለት ነው። ግ ተነስቶ «ቦ» ብቻ ሲቀር መገበ ይሆናል። ስለዚህ «ትንሽ ብንስተው ምን ይመጣል?» ለሚለው መልሱ፣ ያላሰብነውን ቃል ተናግረን እናርፋለን ነው።

ቋ እና ጓ ዘመዶቹ ናቸው፣ እሱ ግን አይደሉም

አሁን ወደ «እኛም አለን» እንምጣ። ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ኋ በፊደል ትምህርታችን ዲቃላ ይባላሉ። ስናወጣቸው የምላስ ጀርባ ትናጋ አካባቢ ሥራውን ይሠራል፣ ከንፈር ደግሞ ይሾላል። ይሾላል እንጂ አይገጥምም። መስታወት ፊት ቆሞ «ጓ» ማለት ይበቃል፦ ከንፈር ክብ ይሠራል፣ መሐሉ ግን ክፍት ነው። እንቅፋቱ አንድ ነው። የከንፈሩ ሥራ ማጀቢያ ነው። ምሁራን ይህን ሁለተኛ ደረጃ ፍጥረት ይሉታል። ግ‑ብ ላይ ግን ሁለቱም ሥራዎች እኩል ማዕረግ አላቸው።

ግራ መጋባቱ ከሕዝቡ ብቻ የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን የሚያጠኑ ምሁራን ቋ እና ጓን ለመጥራት የሚጠቀሙበት የውጭ ስም ለግ‑ብ ከሚሰጠው ስም ጋር ቁርጥ አንድ ይመስላል። በሁለቱም ውስጥ ከንፈርና ትናጋ አሉ። ሁለት መጽሐፍ ከፍቶ ያነበበ ሰው ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ልዩነቱን ለማየት «ቋንቋ» የሚለው ቃል ራሱ ጥሩ ነው። እኛ «ቋንቋ» ስንል ከንፈራችንን ሁለት ጊዜ እናሾላለን። የኤዌና የዘመዱ የፎን ቋንቋ ተናጋሪዎች ቋንቋን «ግ‑ቤ» ይሉታል። እነሱ ከንፈራቸውን ይገጥሙታል። የቋንቋ ቤተሰባቸው የሚጠራውም በዚሁ ቃል ነው።

ታዲያ አማርኛ ሁለት ቦታ የሚፈጠር ተነባቢ የለውም ማለት ነው? አለው። ያውም በየቀኑ፣ በየዓረፍተ ነገሩ። «ወ» ነው። ወ ስንል ከንፈር ይሾላል፣ የምላስ ጀርባም ወደ ትናጋ ይነሳል። አንዱም አይዘጋም፤ ሁለቱም ግን እኩል ይሠራሉ። ዓለም አቀፉ የድምፅ ምልክቶች ሠንጠረዥ ወን የሚመዘግበው ከንፈር ትናጋዊ ብሎ ነው። ስለዚህ «እኛም አለን» ያለው ሰው ቋን ትቶ ወን ቢጠራ ይረታ ነበር። ወ ግን ብርቅ አይደለም። በዓለም ቋንቋዎች ውስጥ እጅግ ከተለመዱት ድምፆች አንዱ ነው።

ስለ ጰም አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። «ጰ» ስንል ከንፈርም ማንቁርትም ይዘጋሉ። ሁለት መዝጊያ ነው። ግን የማንቁርቱ ሥራ አየሩን ከታች ወደ ላይ መግፋት ስለሆነ እንደ ፓምፕ ይቆጠራል እንጂ እንደ ሁለተኛ መካነ ፍጥረት አይቆጠርም። አከፋፈሉ ላይ የሚሟገት ቢኖር ግን አልቆጣውም።

ፈረንሳዩ ለምን «ባግቦ» ይላል?

ፈረንሳይኛ ዜና ላይ የሚሰማው «ባግቦ» ነው። ፊተኛው ግ ጠፍቷል፣ ኋለኛው ግን አለ። ለምን አንዱ ተርፎ ሌላው ቀረ?

ቅድም ወዳቆየናት ነገር እንመለስ። ምላስ ቀድሞ ይዘጋል፣ ከንፈር ዘግይቶ ይከፈታል። ድምፁ ሁለት አናባቢ መሐል ሲሆን ጆሮ ሁለቱንም ጫፍ ይሰማል። ወደ መዝጊያው ሲገባ «ግ»ን ይመስላል፤ ከመዝጊያው ሲወጣ «ብ»ን ይመስላል። ቃል መጀመሪያ ላይ ግን ከፊቱ ምንም የለም። መግቢያው በዝምታ ያልፋል። ለጆሮ የሚተርፈው መውጫው ብቻ ነው፣ መውጫው ደግሞ የከንፈር ነው። ስለዚህ «ባ» ይሰማል። በዚያ ላይ ፈረንሳይኛ ራሱ በግና በብ ጥንድ የሚጀምር ቃል የለውም። አፉም ጆሮውም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፉታል።

የኢግቦ ሕዝብ ስም በእንግሊዝኛ ለረጅም ዘመን «ኢቦ» ተብሎ ሲጻፍ ኖሯል። በአማርኛም የድሮ ጽሑፍ ያነበበ ሰው «ኢቦ»ን ያውቃታል። ይህን የቅኝ ገዥ ጆሮ ጥፋት ብቻ አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ ሙሉ እውነቱ ግን ያ አይደለም። በአንዳንድ የኢግቦ ዘዬዎች፣ ለምሳሌ በኦዌሪ አካባቢ፣ «ግ‑ብ» ተብሎ የሚጻፈው ድምፅ የሚባለው በከንፈር ብቻ፣ አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ነው። ያንን የሰማ ሰው ብ ብሎ ቢጽፍ ጆሮው ሙሉ በሙሉ አልዋሸውም። ዛሬ ትክክለኛው አጻጻፍ ኢግቦ ነው፤ ባለቤቶቹም የሚጽፉት እንዲሁ ነው።

ብርቅነቱ የት ቆሞ ለሚያየው ነው?

የዓለም ቋንቋዎች አወቃቀር አትላስ የሚባል ሥራ አለ። ማዲሰን በዚያ አትላስ ላይ 567 ቋንቋዎችን ወስዶ ያልተለመዱ ተነባቢዎችን ፈልጓል። ከንፈር ትናጋዊ እግድ የተገኘው በ45ቱ ነው። ወደ 8 በመቶ መሆኑ ነው። ከመቶ ዘጠና ሁለቱ ቋንቋ አያውቀውም ማለት ነው።

ቁጥሩ ብርቅ ያሰኘዋል። ካርታው ግን ሌላ ይላል። 45ቱ በብዛት የተከማቹት አፍሪካ ውስጥ፣ ከምዕራብ ጠረፍ ተነስቶ በመካከለኛው አፍሪካ በኩል ደቡብ ሱዳን ድረስ በሚሄድ መቀነት ላይ ነው። መቀነቱ ውስጥ ለሚኖር ሰው ግ‑ብ ተራ ነገር ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው ጫፍ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ በደቡብ ሱዳን፣ በኮንጎና በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የሚነገረው ዛንዴ ክ‑ፕም ግ‑ብም አለው። ከዚያ ወዲህ ሲሻገር ግን ይቋረጣል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ የላቸውም።

ከአፍሪካ ውጭ ጥቂት ቦታ አለ። በፓስፊክ፣ በቫኑዋቱ ደሴቶች የሚነገረው ምዎትላፕ ክ‑ፕ አለው፤ የሚጽፈውም «ኪው» በምትባለዋ የላቲን ፊደል ነው። በደቡብ አሜሪካ ሱሪናም ውስጥ የሳራማካ ሰዎች ቋንቋ ክ‑ፕና ግ‑ብን ይዟል። ይህኛው ታሪኩ ግልጽ ነው። በባርነት ተግዘው የሄዱ፣ ከእርሻዎቹ አምልጠው ጫካ ውስጥ የራሳቸውን ማኅበረሰብ የመሠረቱ አፍሪካውያን ይዘውት ሄዱ።

«የከንፈር ቅርጽ ነው» ለሚለው ወሬ መልሱ ቬትናም ነው። ቬትናምኛ ክ‑ፕን ራሱን እንደቻለ ድምፅ አይቆጥረውም። ሆኖም አንዳንድ አናባቢዎችን ተከትሎ ቃል መጨረሻ ላይ የሚመጣው ክ ሲባል ከንፈርም አብሮ ይገጥማል። መማር ማለት የሆነውን «ሆክ» የሚለውን ቃል የሃኖይ ሰው ሲል ያየ፣ መጨረሻ ላይ አፉን ግጥም ሲያደርግ ያስተውላል። ብዙዎቹ እንደዚያ ማድረጋቸውን ልብ አይሉትም። አፍ ሁሉ ይችለዋል። የሚለየው ጆሮው ለምን ነገር እንደሰለጠነ ነው።

እውነተኛውን ብርቅ የፈለገ ሰው ፓፑዋ ኒው ጊኒ መሄድ አለበት። ከዋናው ምድር በስተምሥራቅ ሮሰል የምትባል ደሴት አለች። ጥቂት ሺህ ሰዎች ዬሊ ድንዬ የሚባል ቋንቋ ይናገሩባታል። ስቲቨን ሌቪንሰን ለብዙ ዓመታት አጥንቶታል። ወደ 90 የሚጠጉ የሚለዩ ድምፆች አሉት። ከእነሱ መሐል ክ‑ፕ አለ። ከዚህ የሚገርመው ት‑ፕ ነው። የምላስ ጀርባ ሳይሆን የምላስ ጫፍ ከላይ ይለጠፋል፣ ከንፈርም አብሮ ይገጥማል። የምላሱ ጫፍ የት እንደተለጠፈ፣ ወደ ፊት ነው ወይስ ትንሽ ወደ ኋላ፣ እሱም ሌላ ድምፅ ይፈጥራል። በአፍንጫ የሚወጡ አቻዎችም አሏቸው። ክ‑ፕን ከት‑ፕ ለይቶ ቃል የሚሠራ ሌላ ቋንቋ እስካሁን አይታወቅም።

ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ምሁራኑ ራሳቸው አይስማሙም።

አንደኛው ወገን ውርስ ነው ይላል። ድምፁ በብዛት የሚገኝባቸው ቋንቋዎች በኒጀር ኮንጎ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ከቤተሰቡ ጥንታዊ እናት የወረደ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ግን አለ። ዛንዴና ጎረቤቶቹ ጋ ስንደርስ የቤተሰቡ ድንበር ያበቃል፤ ድምፁ ግን አያበቃም። የሞሩና የማዲ ቋንቋዎች ኒጀር ኮንጎ አይደሉም፣ ድምፁ ግን አላቸው።

ሁለተኛው ወገን እዚያው ይበቅላል ይላል። መነሻው ኳ እና ጓ ናቸው። ከንፈሩ ከመሾል አልፎ እየጠበቀ ይሄዳል፣ ኋላ ይገጥማል። ኳ ክ‑ፓ ሆነ ማለት ነው። መንገዱ የማይታመን አይደለም። ላቲን ውኃን «አኳ» ይለዋል። ከላቲን የተወለደው የሮማኒያ ቋንቋ «አፐ» ይለዋል። ትናጋው ጠፍቶ ከንፈሩ ብቻውን ቀረ። በሱሪናሙ ንዱካ ቋንቋ ደግሞ ዛሬም አንዳንድ ቃላት በኳም በክ‑ፓም ቢባሉ ሁለቱም ይሄዳል። ቅድም ቋ እና ጓን ዘመዶቹ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ወገን ካርታውን ያያል። ቶም ጉልደማን በ2008 ይህን መቀነት «ማክሮ ሱዳን» ብሎ ሲሰይመው፣ ቤተሰባቸው የተለያየ ቋንቋዎች ጎረቤት ሆነው ድምፅ ተዋሱ የሚለውን ሐሳብ አጠናክሯል። (እዚህ ሱዳን የተባለው አገሩ ሳይሆን ከሰሃራ በታች ያለው ሰፊ ቀጠና ነው።) ዲሚትሪ ኢዲያቶቭና ማርክ ቫን ዴ ቬልዴ በ2021 አንድ ነገር ጨመሩ። ድምፁ ያለበትን ቋንቋ ከመቁጠር አልፈው፣ በየቋንቋው የትኞቹ ቃላት ውስጥ እንዳለ ቆጠሩ። በመሠረታዊ ቃላት ውስጥ ያን ያህል አይበዛም። የሚበዛው ስሜትንና ሁኔታን በድምፅ በሚስሉ ቃላት ነው፤ በእኛ «ጧ አለ»፣ «ዱብ አለ» እንደሚባሉት። ከዚህ ተነስተው፣ ቀድሞ እዚያ የነበሩ ሰዎች ቋንቋቸውን ቀይረው አዲሱን ሲይዙ የድሮ ድምፃቸውን በእነዚህ ቃላት አሻግረው ሊሆን ይችላል ይላሉ።

እኔን የሚያሳምነኝ ሦስተኛው ነው፤ ግን ሁለተኛውን ሳያባርር። አንድ ድምፅ በኳ በኩል መብቀል ከቻለ፣ ጎረቤቱ ቀድሞ ባለው ቦታ ደግሞ ቶሎ ይበቅላል።

ስዊድን ውስጥ ያለው አወዛጋቢ ድምፅ

ሁለት ቦታ ሲባል የስዊድንኛው ድምፅ መነሳቱ አይቀርም። ስቶክሆልም ወይም ጎተንበርግ የሚኖር አበሻ ያውቀዋል። ሰባት ቁጥርን ለመጥራት የሚያስፈልገው ነው፤ ሹ የሚመስል፣ ኹም የሚመስል፣ ሁለቱንም ያልሆነ። ዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ የራሱ ምልክት ሰጥቶታል፤ ሸ እና ኸ በአንድ ጊዜ ብሎም ይተረጉመዋል። ላደፎግድና ማዲሰን ግን በ1996ቱ መጽሐፋቸው ይህን አልተቀበሉም። ሸ እና ኸ ፍትግ ናቸው፤ አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲሽሎከሎክ የሚሰማ ድምፅ ነው። አንዱ ቀዳዳ ጋ ሲጠብበት ለሌላው የሚተርፈው ግፊት ይቀንሳል። ሁለት በር መዝጋት ቀላል ነው። በሁለት ቀዳዳ እኩል ማፏጨት ግን ሌላ ጣጣ ነው። አጠራሩ ራሱ በስዊድን ውስጥ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ ክርክሩም አልተዘጋም።

በፊደላችን እንዴት እንጻፈው?

ተግባራዊው ጥያቄ ይህ ነው። ሦስት መንገድ አለ፣ ሦስቱም እንከን አላቸው።

«ባግቦ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለማንበብ ይቀላል። ግን ፈረንሳዩ የሰማውን እንጂ ባለቤቱ የሚለውን አልጻፍንም። ደግሞ ስሙን በአንዱ አጻጻፍ የፈለገ በሌላው የተጻፈውን ጽሑፍ አያገኘውም።

«ግባግቦ» ብሎ መጻፍም ይቻላል። ሁለቱንም መዝጊያ ያሳያል። ችግሩ ሳድሳችን ነው። ቃል መጀመሪያ ላይ ያለች ግ ትንሽ አናባቢ ሳታስከትል አትነበብም። አንባቢው «ግባ!» እንደሚለው ትእዛዝ ያነባታል። ሰውየው ስማቸው ሲጠራ «ግቡ» የተባሉ ሊመስላቸው ነው።

ሦስተኛው አዲስ ሆሄ መፍጠር ነው። ይህ እንደሚመስለው እብደት አይደለም። ፐ እና ጰ ለባዕድ ስሞች ሲባል የገቡ ናቸው፤ ቨ ደግሞ ከእነሱ በኋላ መጣች። ለጉራጌ ቋንቋዎችም ተጨማሪ ሆሄያት ተዘጋጅተዋል። ሌሎችም አድርገውታል። ላይቤሪያ ውስጥ በ1830ዎቹ ሞሞሉ ዱዋሉ ቡኬሌ የፈጠረው የቫይ ጽሕፈት እንደኛው ቀለም በቀለም የሚጻፍ ነው። ቫይ «ግ‑ባ»ን በአንድ ሆሄ ይጽፋል፤ «ክ‑ፓ»ንም እንዲሁ። ሶሎማና ካንቴ በ1949 የፈጠረው ንኮ የተባለ ፊደልም ለግ‑ብ አንድ ፊደል ቆርጧል። ድምፁን ከልጅነታቸው የሚያውቁ ሰዎች ፊደል ሲቀርጹ አንድ ድምፅ መሆኑን አልሳቱትም።

የዮሩባ ላቲን አጻጻፍ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። ዮሩባ ውስጥ ተራ ፕ የለም። ስለዚህ «ፒ» የምትባለውን ፊደል ለክ‑ፕ ሰጧት። ዘይት ማለት የሆነው ቃል «ኤፖ» ተብሎ ይጻፋል፣ «ኤክ‑ፖ» ተብሎ ይነበባል። በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ናይጄሪያ ስፔንን 3 ለ 2 ስታሸንፍ የመጀመሪያዋን የናይጄሪያ ጎል ያገባው ሙቲዩ አዴፖጁ በዮሩባ «አዴክ‑ፖጁ» ነው። ያን ጨዋታ ያየ ሰው ስሙን ሲጠራ ውስጡ የተደበቀውን ድምፅ ልብ አላለውም።

በእኔ አስተያየት ለጥቂት የሰው ስም ብሎ ሆሄ መጨመር አያስፈልግም። ቀድሞውኑ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሆሄያት አሉን። ግባግቦና አክፓቢዮ ብሎ ጽፎ አነባበቡን ማወቅ ይበቃል። አክፓቢዮ ብዙም አያስቸግርም፤ አ ከፊት ስላለች ክን ሳይለቁ ከንፈርን መግጠም ብቻ ነው። ለግባግቦ ደግሞ «ይግባኝ» ትረዳለች። ግ ላይ ሲደርሱ ምላስን ከትናጋ ሳያላቅቁ ከንፈርን መግጠም፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ ለቅቆ «ባ» ማለት። ከጥቂት ሙከራ በኋላ መጨረሻው ላይ ያለውን ኝ መጣል። ቀጥሎ «ይ»ን ድምፅ ሳያወጡ በሐሳብ ብቻ ማለት። የሚቀረው «ግ‑ባ» ነው።